ተጠብቆ የቆየን የድሮ መኪና ከጎጃም መሸጥ፦ ዋጋው፣ ወረቀቱና ኃላፊነቱ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላና በባሕር ዳር፣ ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ ቮልስዋገን፣ ፔጆ ወይም ላንድሮቨር በግቢያቸው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ መኪና የትዝታ ዕቃ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ አሁን ግን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በር ያንኳኳል። ለዚህ ከምክንያቶቹ አንዱ የመንግሥት ፖሊሲ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በእጅጉ ወረደ። ከውጭ መተካት የማይቻል ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ዋጋው ሲወደድ ማየቱ የሚጠበቅ ነው።

ችግሩ ባለንብረቱ ምን እየሸጠ እንደሆነና ሽያጩ መቼ እንደሚያበቃ ብዙ ጊዜ አለማወቁ ነው። ነጋዴ ያልሆነ ሰው መኪና የሚሸጠው በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ልምድ ያለው ነው። በጥሩ ሁኔታ ለቆየ የድሮ መኪና ከፍ ያለ ዋጋ የሚያስከፍለው ማስረጃው መሆኑን፣ ሽያጩም የሚፈጸመው ገንዘቡ ሲቆጠር ሳይሆን ስሙ ሲዞር መሆኑን አስቀድሞ የተረዳ ሻጭ ከአብዛኛው ጉዳት ይድናል።

ክላሲክ የሚባለው የትኛው መኪና ነው?

ማርጀት ብቻውን በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመውና ፊቫ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድ ተሽከርካሪ ታሪካዊ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ የተጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማይውልና የቴክኒክና የባህል ቅርስ አካል የሆነ መሆን አለበት ይላል። ሦስተኛው መስፈርት ለእኛ አገር እምብዛም አይስማማም፤ 50 ዓመት ያለፋቸው መኪኖች ዛሬም ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳሉና። በእኛ ገበያ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነው፤ ማለትም መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክና አካል ምን ያህል ይዞ ቆይቷል የሚለው።

በአገራችን ከሚፈለጉት መካከል ቮልስዋገን ቢትል፣ ማለትም ሁላችንም ቮልስ የምንለው፣ ግንባር ቀደሙ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ መኪና ምርቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። በእኛ ታሪክም የራሱ ቦታ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረተው ፔጆ 404፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በየተራ የወጡት የላንድሮቨር ሲሪዝ መኪኖች፣ ፊያት 600 እና የመጀመሪያዎቹ ላንድክሩዘሮችም ፈላጊ አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪና ሞዴል ዓመት የሚነገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ቤተሰቡ ግን መኪናው የተገዛበትን ዓመት የሚያስታውሰው በእኛ አቆጣጠር ነው። «የ60 ሞዴል ነው» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ ሰው 1960 ዓ.ም.ን አስቦ ከሆነ፣ ገዢው የሚጠብቀው ሰባትና ስምንት ዓመት የሚቀድም መኪና ነው። ልዩነቱ ሲታወቅ ሻጩ ዋሽቷል ተብሎ ይታማል። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ለይቶ መጻፍ ይገባል።

ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለምኑ ነው?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ፣ ጫንቃውን ዳስሶ አይበቃውም፤ ከማን ቤት እንደወጣ፣ ስንት ክረምት እንዳረሰ፣ ለምን እንደሚሸጥ ይጠይቃል፤ መልሱን የሚያረጋግጥለት ጎረቤት ካገኘም ዋጋውን ይጨምራል። የድሮ መኪና ገዢም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ገዢ እንዳለ መለየት ይጠቅማል። አንደኛው መጓጓዣ የሚፈልግ ነው፤ ለእርሱ ሞተሩ ቢነሳ፣ ፍሬኑ ቢይዝ፣ መለዋወጫ ቢገኝ ይበቃዋል፤ መኪናውንም በአቅሙ ሊገዛ ከሚችለው ሌላ አሮጌ መኪና ጋር ያወዳድረዋል። ሁለተኛው መኪናውን ለመኪናነቱ የሚወድ፣ ለሠርግና ለፊልም ሥራ የሚያከራይ ወይም የሚሰበስብ ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያልተቀየረውን ነገር ነው፤ የፋብሪካውን መስታወት፣ የወንበሩን ልብስ፣ መሪውን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የጎማ ክዳኑን፣ ሬዲዮውን። ለመጀመሪያው ገዢ ምንም ዋጋ የሌለው የተሰነጠቀ አሮጌ መሪ ለሁለተኛው ከአዲስ መሪ ይበልጥበታል። ስለዚህ በየጊዜው ተነቅለው በመጋዘን የተጣሉ ዕቃዎች ካሉ አቧራቸውን አራግፎ ከመኪናው ጋር ማቅረብ ይገባል።

ታሪኩን የሚመሰክሩ ወረቀቶችም እንዲሁ ናቸው። የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የጋራዥ ደረሰኞች፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ፣ አባት በመኪናው አጠገብ ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ፣ የቀድሞ ቦሎዎች ሳይቀሩ በአንድ ዶሴ ሊሰበሰቡ ይገባል። «ሞተሩ ወርዶ አያውቅም» የሚል ቃል ማንም ይናገረዋል፤ በዓመተ ምሕረት የተደረደረ ደረሰኝ ግን የሚያቀርበው ጥቂት ሰው ነው። በእኔ እምነት አንድ ባለንብረት ከሽያጭ በፊት ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ፣ ወጪው ያነሰውና ጥቅሙ የበለጠው ይህን ዶሴ ማዘጋጀት ነው።

ከመሸጤ በፊት ቀለም ልቀባው?

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይሆንም ነው። አዲስ ቀለም ገዢን ያስጠረጥራል፤ ሥሩ ምን እንዳለ አይታይምና። ልምድ ያለው ገዢ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዞ ላሜራውን ይዳስሳል፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ በስቱኮ የተሞላ መሆኑን ያውቃል። በላንድሮቨር ላይ ይህ ፈተና አይሠራም፤ አብዛኛው አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይስበውም፣ እንደ ብረትም አይዝግም። ሻንሲውና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ግን ብረት በመሆናቸው ዝገቱ የሚፈለገው እዚያ ነው።

የጎጃም ክረምት ረጅምና ዝናባማ ነው፤ በእንጅባራና በአካባቢው ደግሞ እርጥበቱ ይብሳል። በቮልስ ላይ ዝገት ቀድሞ የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል፣ በበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን የሚያልፉት የሙቀት አየር መተላለፊያዎች፣ ከፊት ኮፈን ሥር የትርፍ ጎማው ማስቀመጫና የእግር ምንጣፉ የተነጠፈበት ወለል ናቸው። ባለንብረቱ እነዚህን ራሱ ገልጦ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ያለውን እንዳለ ለገዢው ቢያሳይ ዋጋው ይወርድብኛል ብሎ መፍራት የለበትም። ገዢው በኋላ ራሱ የሚያገኘው ዝገት ከታየው ዝገት ይልቅ ብዙ ብር ያስቀንሳል፤ ያልታየ ሌላ ምን ይኖር ይሆን ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋልና።

ሊሠራ የሚገባው ሥራ መካኒካዊው ነው። ለወራት የቆመ መኪና ቤንዚኑ ተበላሽቶ፣ የፍሬን ጎማዎቹ ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ታንከሩን ማጽዳት፣ ዘይት መቀየር፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን ማስፈተሽ፣ ካንዴላዎቹን ማየት፣ መብራትና ፍሬቻው መሥራታቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ለዓመታዊው ምርመራም ያስፈልጋል።

ሻንሲ ቁጥሩ ምን ይነግራል?

መኪናው ማን እንደሆነ የሚነግረው ሻንሲ ቁጥሩ ነው። በቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው የወለል ጉብታ ላይ ሲሆን ሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው በሚቀመጥበት እግር ሥር በሞተሩ አካል ላይ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሻንሲ ቁጥሩ ራሱ ዕድሜውን ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 11 ሲሆኑ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ያመለክታል። በ117 የሚጀምር ቁጥር የ1967 ሞዴል ነው ማለት ነው። ፋብሪካው የአዲሱን ሞዴል ምርት የሚጀምረው በቀደመው ዓመት ነሐሴ ላይ ስለነበር መኪናው በ1966 መጨረሻ ተሠርቶ የ1967 ሞዴል ሊባል ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች በሊብሬው፣ ማለትም በመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ ከተጻፉት ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለባቸው። በ50 ዓመት ውስጥ ሞተር መቀየሩ የተለመደ ነው፤ ለውጡ በመዝገብ ሳይሰፍር ቀርቶ ከሆነ ግን ስም በሚዞርበት ዕለት ሥራው ይቆማል። ቀለሙም ከሊብሬው የተለየ ከሆነ እንዲሁ ነው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ጉዳዩን በተለምዶ መንገድ ትራንስፖርት ለሚባለው መሥሪያ ቤት አቅርቦ ማስተካከል፣ ገዢው ባለበት ከሚመጣ ጭቅጭቅ ይሻላል።

ሊብሬው በሟች ስም ከሆነስ?

በድሮ መኪኖች ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። መኪናውን ሲንከባከብ የኖረ ልጅ ባለቤቱ እርሱ እንደሆነ ያምናል፤ በሕግ ፊት ግን መኪናው የውርስ ንብረት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 996 ወራሽ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ሊስማሙ፣ ርቀው ያሉትም በተረጋገጠ ውክልና ሊወከሉ ይገባል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለች እኅት አትከራከርም በሚል ግምት የተሸጠ መኪና ቤተሰብን ከገዢም፣ እርስ በርስም ያጣላል። ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ከዋጋ ድርድር በፊት መጀመር አለበት።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። በቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ወቅት የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ያላገባ ሰውም ያላገባ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ ይጠየቃል።

መኪናው ቀድሞ የኤምባሲ፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም የሚሲዮን ከነበረ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቀረጡ ካልተከፈለበት ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ የጉምሩክ ሰነዱ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ከዚህ ውጭ መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ያልተከፈለ ቅጣት አለመኖሩንና የዓመቱ ቦሎ መታደሱን ማረጋገጥ ይጠበቃል።

ጎጃም ሆኖ ገዢ የሚገኘው የት ነው?

ለመጓጓዣ የሚገዛው ሰው እዚያው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ይገኛል። ለመኪናው ክብር ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ በዚሁ መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ ገዢ ሳያይ አይመጣም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ድርድር የሚካሄደው በፎቶግራፍ ነው። መኪናው ከታጠበ በኋላ፣ በጠዋት ወይም በማታ ብርሃን፣ ከአራቱም ጎን፣ ከሥሩ፣ ከውስጡ፣ ከሞተሩና ጉድለት ካለበት ቦታ የተነሳ ፎቶ ብዙ የስልክ ጥያቄ ያስቀራል። ሻንሲ ቁጥሩንና ሊብሬውን ግን በይፋ መለጠፍ አይገባም፤ ለቁም ነገር ለመጣ ሰው በአካል ማሳየት ይበቃል።

መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ነድቶ ማድረስ ከተፈለገ የዓባይ በረሃ መታሰብ አለበት። ከደጀን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ለማንኛውም አሮጌ መኪና ከባድ ነው። በቮልስ ሞተር ውስጥ ውኃ የለም፤ የሚበርደው በአየርና በ2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። የማራገቢያው ቀበቶ ከላላ ወይም ዘይቱ ከጎደለ ዳገቱን ሳይጨርስ ሊበላሽ ይችላል። በሌላ በኩል ከፍታ ራሱ የሞተርን ጉልበት ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ይታጣል፤ አየሩ ሲሳሳም ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ ባለችው ደብረ ማርቆስ መኪናው ትንሽ ቢደክም ወይም ጭሱ ቢጠቁር ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ ይህን ለገዢው ማስረዳት ተገቢ ነው። ለሙከራ ሲነዳ ሻጩ አብሮ ሊቀመጥ፣ የገዢውም መንጃ ፈቃድ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

በደላላ በኩል መሸጥ ነውር የለበትም፤ ሁለተኛውን ዓይነት ገዢ የሚያውቅ ደላላ ድካም ያቃልላል። ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሆነና ደላላው ከተባለው ዋጋ በላይ ቢሸጥ ትርፉ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ግን ያስፈልጋል።

ቀብድ ስቀበል ምን ግዴታ ውስጥ እገባለሁ?

ቀብድ ከትንሽ ቅድሚያ ክፍያ የበለጠ ትርጉም አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሊብሬው በሟች ስም እያለ፣ ወይም ሌላ የተሻለ ገዢ እየጠበቁ ቀብድ መቀበል አደገኛ ነው። የስም ማዞሪያውንና የቴምብር ቀረጡን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም በዚሁ ጊዜ መወሰን አለበት፤ በተለምዶ ገዢው ይከፍላል ቢባልም ያልተጻፈ ልማድ በመጨረሻው ቀን ሊካድ ይችላል።

ዋናውን ገንዘብ በባንክ መቀበል ይሻላል። በስልክ የመጣ የገቢ መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ገንዘቡ በሒሳብ መግባቱን ባንኩ ራሱ ሳያረጋግጥ ቁልፍም ሆነ ሊብሬ መስጠት አይገባም። ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ ከሆነም ያወጣው ባንክ ሊጠየቅ ይገባል።

ውክልና ሰጥቼ ብገላገልስ?

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገዢው ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ «ስሙን በኋላ አዞራለሁ፣ ለጊዜው ውክልና ይስጡኝ» ይላል፤ ሻጩም ገንዘቡን ስለተቀበለ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። በመዝገቡ ላይ ግን ባለቤቱ አሁንም እርሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውን ይነዳ ዘንድ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። የተሸጠው መኪና ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው ቢገጭ ተጎጂው በመዝገብ የሚያገኘው የቀድሞውን ባለቤት ነው። መኪናውን እንደሸጠ ማስረዳት ይችል ይሆናል፤ እስከዚያው ግን መጥሪያው፣ ምልልሱና ወጪው የእርሱ ነው።

ውክልናው ለገዢውም አያስተማምንም። ሌላ ስምምነት ካልተደረገ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ገዢው ከሻጩ ወራሾች ጋር እንደ አዲስ ይጀምራል። ከዚህ በላይ ዛሬ በሟች ስም የቆሙት አሮጌ መኪኖች ጥቂቶቹ እዚህ ችግር ላይ የደረሱት በዚሁ መንገድ መሆኑን መገመት አያዳግትም። እኔ ለማንኛውም ሻጭ የምመክረው ውሉን ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ፊት ፈርሞ፣ ከገዢው ጋር አብሮ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ስሙ መዞሩን በዓይኑ እንዲያይ ነው። ገዢው የሌላ ክልል ወይም የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆነ የመኪናው ፋይል መዛወር ስለሚኖርበት ጉዳዩ ሊዘገይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ከዋጋው የተወሰነው ስም እስኪዞር ድረስ በባንክ ታግዶ እንዲቆይ መስማማት ሁለቱንም ወገን ያስተማምናል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ መድን ሰጪውም የባለቤትነት ለውጡን ሊያውቅ ይገባል።

ከሸጥኩ በኋላ ጉድለት ቢገኝ እጠየቃለሁ?

ሊጠየቁ ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ ለመሆኑ ዋስ ያደርገዋል። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ገዢው ውሉን ሲያደርግ ለሚያውቀው ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም፤ ተዋዋዮቹ ዋስትናውን በስምምነት መቀነስም ይችላሉ፤ ነገር ግን ሻጩ እያወቀ ጉድለት ከደበቀ ይህ ስምምነት አያድነውም።

ለዚህ ነው የታወቁ ጉድለቶች በውሉ ውስጥ በዝርዝር ሊጻፉ የሚገባቸው፦ በባትሪው ሥር ያለው ዝገት፣ የተቀየረው ሞተር፣ የማይሠራው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ። ገዢው ዝርዝሩን አንብቦ፣ መካኒኩን ይዞ አይቶ ከፈረመ በኋላ መኪናው የተረከበበት ቀንና ሰዓት፣ የቆጣሪው ንባብና አብረው የተሰጡት መለዋወጫዎች በርክክብ ሰነድ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሁለቱም ወገኖች የተፈረመውን ቅጂ ይይዛሉ።